የኢንዶኔዢያ ጋዝ ለማን ነደደ?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በዚህ ዓምድ ስለ ማዕድንና ስለ ነዳጅ የሚጻፈውን ሁሉ በትጋት ከሚከታተሉት አንባብያን አንዱ ነኝ። በኦጋዴን ስላለው የካሉብና የሂላላ ጋዝ በየመሥሪያ ቤቱና በየሻይ ቤቱ የሚደረገውን ክርክር ያልሰማ የከተማ ሰው አለ ለማለት ያስቸግራል። አንዱ «ጋዙ ከወጣ ችግራችን አለቀ» ይላል፤ ሌላው «የውጭ ኩባንያ ይዞት ይሄዳል እንጂ ለእኛ የሚተርፍ ነገር የለም» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም የሚከራከሩት በግምት ነው። እኔ ግን ከግምት ይልቅ በዚሁ መንገድ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተጓዘ አንድ አገር ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ መመልከት ይሻላል የሚል አሳብ ስላለኝ፣ ስለ ኢንዶኔዢያ የተፈጥሮ ጋዝ የማውቀውን ለአንባብያን እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ። ይህች አገር ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለችም፤ በ1955 በባንዱንግ ከተማ የእስያና የአፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ በተደረገ ጊዜ መልእክተኞቻቸውን ከላኩት ጥቂት የአፍሪካ መንግሥታት አንዱ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበረ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ቃሉ ካልተለየ ነገሩም አይለይምና። በአገራችን «ጋዝ» ሲባል የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ወደ ነጭ ጋዝ፣ ማለትም ወደ ላምባ ነው፤ ይህ ግን ከድፍድፍ ዘይት ተጣርቶ የሚወጣ ፈሳሽ እንጂ ጋዝ አይደለም። በብረት ሲሊንደር ተሞልቶ ለወጥ ቤት የሚሸጠው ቡታ ጋዝ ደግሞ ቡቴንና ፕሮፔን የሚባሉት ናቸው፤ እነዚህ በመጠነኛ ግፊት ሲጨመቁ ወደ ፈሳሽነት ስለሚለወጡ በሲሊንደር ተይዘው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። የተፈጥሮ ጋዝ የሚባለው ከሁለቱም ልዩ ነው። አብዛኛው ሚቴን ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተራ የአየር ሙቀት የቱንም ያህል ቢጨመቅ ፈሳሽ አይሆንም። ስለዚህ ብዙ ሚቴን ከቦታ ወደ ቦታ ለማድረስ ያሉት ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ወይ በቧንቧ መስደድ ነው፣ ወይም ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግና በመርከብ መጫን ነው። ሲቀዘቅዝ መጠኑ ወደ 600 እጥፍ ገደማ ያንሳል፤ ስድስት መቶ ክፍል ሙሉ የነበረው ጋዝ በአንድ ክፍል ውስጥ ይገባል እንደ ማለት ነው። ይህን የሚሠራው ፋብሪካ ግን እጅግ ውድ ነው። ውሃው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱና ሌላውም ባዕድ ነገር አስቀድሞ ካልወጣ በቅዝቃዜው ረግቶ ቧንቧውን ይደፍናል፤ መርከቡም እንደ ትልቅ የፍል ውሃ ፔርሙዝ ሆኖ መሠራት አለበት።

ኢንዶኔዢያ ከ17 ሺህ የሚበልጡ ደሴቶች ያሉባት አገር ናት። ሕዝቡ የሚበዛው በጃቫ ደሴት ላይ ነው፤ ጋዙ የተገኘው ግን በብዛት ከጃቫ ውጭ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ከአንድ ነገር የመነጨ ነው ቢባል ብዙ አልተሳሳተም። በ1971 ሞቢል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሱማትራ ደሴት ጫፍ በምትገኘው በአቼ ጠቅላይ ግዛት፣ አሩን በሚባል ስፍራ ታላቅ የጋዝ ክምችት አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሃፍኮ የሚባል ከሞቢል ጋር ሲነጻጸር ትንሽ የሆነ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ በምሥራቅ ካሊማንታን፣ ባዳክ ከተባለ ቦታ ሌላ ክምችት አገኘ። ሁለቱም ቦታዎች ያኔ ፋብሪካና ትልቅ ከተማ የሌለባቸው ነበሩ። ዘይት ቢሆን ኖሮ በታንከር ተጭኖ የትም ይሸጥ ነበር፤ ጋዝ ግን ገዢ ሳይገኝለት ጉድጓዱን መክፈት ገንዘብን ወደ አየር መበተን ነው።

እዚህ ላይ የኢንዶኔዢያ ሰዎች የሠሩት ሥራ ሊደነቅ ይገባዋል። በዚያን ጊዜ ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ መሸጥ ገና አዲስ ንግድ ነበር፤ አልጄሪያ በ1964 ወደ እንግሊዝ አገር መላክ ጀምራ ነበር፣ ጎረቤቲቱ ብሩኔይም በ1972 ለጃፓን መሸጥ ጀምራለች። የመንግሥቱ የነዳጅ ድርጅት ፔርታሚና በዲሴምበር 1973 ከአምስት የጃፓን ኩባንያዎች ጋር ለ20 ዓመት የሚጸና ውል ተፈራረመ። ከገዢዎቹ ሦስቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ሲሆኑ አንዱ ኒፖን ስቲል የተባለው የብረት ፋብሪካ፣ አንዱም ኦሳካ ጋዝ የተባለው የከተማ ጋዝ አከፋፋይ ነበረ። ወራቱን ልብ ማለት ይጠቅማል። የዐረብ አገሮች ዘይት ከከለከሉ ገና ሁለት ወር ያህል መሆኑ ነው፤ ጃፓን ከመካከለኛው ምሥራቅ ውጭ ነዳጅ የሚሰጣትን ሁሉ የምትፈልግበት ሰዓት ነበር። በእንዲህ ያለ ውል ገዢው ጋዙን ባይወስድም ዋጋውን ለመክፈል ይገደዳል፤ አበዳሪም የሚያምነው ጉድጓዱን ሳይሆን ይህን ፊርማ ነው። ለሁለቱ ፋብሪካዎች ማሠሪያ ከዋለው ብድር ዋናው ክፍል የመጣውም ከዚያው ከጃፓን ነበረ።

በኦገስት 1977 አኳሪየስ የምትባል መርከብ የመጀመሪያውን ፈሳሽ ጋዝ ከቦንታንግ ወደብ ጭና በኦሳካ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ሴንቦኩ ሄደች። በ1978 የአሩን ፋብሪካ ደግሞ መላክ ጀመረ። ኋላም ደቡብ ኮሪያና ታይዋን ገዢዎች ሆነው መጡ፤ ቦንታንግ ስምንት፣ አሩን ስድስት የማቀዝቀዣ ክፍሎች እስኪኖራቸው ድረስ ተስፋፉ። ከ1980ዎቹ መካከል ጀምሮ ካታር እስከቀደመችበት እስከ 2006 ድረስ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ የሚሸጠው አገር ኢንዶኔዢያ ነበረ። ይህ ሃያ ዓመት ያህል ማለት ነው።

ስለ ውሉ ዓይነትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው በአገራችን «ለውጭ ኩባንያ ተሰጠ» ሲባል መሬቱ የተሸጠ ይመስለዋልና። ኢንዶኔዢያ በ1960ዎቹ ዓመታት የምርት ክፍያ ውል የሚባለውን ሥርዓት በዓለም ፊት ያወጣች አገር ናት። በዚህ ሥርዓት ማዕድኑ የመንግሥት ሆኖ ይቀራል፤ ኩባንያው በራሱ ገንዘብ ይቆፍራል፤ ካገኘ ወጪውን ከምርቱ ላይ ያነሣል፤ የተረፈውን ይካፈላሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣው የተለመደ ድርሻ ከግብር በኋላ ለዘይት 85 በመቶ ለመንግሥት፣ 15 በመቶ ለኩባንያው ሲሆን፣ ለጋዝ ግን 70 በ30 ነበረ፤ የጋዝ ሥራ ወጪው ስለሚከብድ ነው። ብዙ የአፍሪካና የእስያ መንግሥታት ይህንኑ ሥርዓት ቀድተውታል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን «ወጪውን ያነሣል» የምትለዋ ቃል ትንሽ መስላ ትልቅ በር ናት፤ ወጪውን የሚጽፈው ኩባንያው ሲሆን የሚመረምረው የመንግሥት ሹም ነውና፣ ሹሙ ካላወቀ ወይም ካልደፈረ ሰባ የተባለው ድርሻ ከሒሳቡ ደብተር ውጭ ሰባ ሆኖ አይገኝም። የመሥሪያ ቤት ሰዎች የሆናችሁ አንባብያን ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ሹም ካነሣሁ ዘንድ የፔርታሚናን ታሪክ መዝለል አይገባኝም። የድርጅቱ አለቃ ጄኔራል ኢብኑ ሱቶዎ ብርቱ ሰው ነበሩ፤ ከላይ የተናገርነው የምርት ክፍያ ውል የተስፋፋውም የጋዙ ንግድ የተጀመረውም በእርሳቸው ዘመን ነው። ነገር ግን የነዳጁን ድርጅት ወደ መርከብ ንግድ፣ ወደ ብረት ፋብሪካ፣ ወደ ሆቴልና ወደ ሌላም ብዙ ነገር አሰማሩት፤ ለዚያም በአጭር ጊዜ የሚከፈል ብድር እየወሰዱ ገቡበት። በ1975 ድርጅቱ ዕዳውን መክፈል ተሳነው፤ ሲቈጠር ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ። መንግሥቱ ዕዳውን በራሱ ላይ አድርጎ ጄኔራሉን በ1976 አሰናበታቸው። ጋዙ ገና አንድ መርከብ እንኳ ሳይሞላ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። በኋለኛው ዘመንም ነገሩ ጨርሶ አልተቃናም። ከፔርታሚና ላይ የተቈጣጣሪነቱ ሥራ ተነሥቶ በ2002 ለተቋቋመ ሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2012 ይህ መሥሪያ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ አፈረሰው፤ በእግሩ የተተካው መሥሪያ ቤት አለቃ ሩዲ ሩቢያንዲኒ ደግሞ በ2013 በጉቦ ተይዘው በሚቀጥለው ዓመት የ7 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ሰውየው የተማሩ፣ በሙያቸውም የታወቁ ፕሮፌሰር ነበሩ።

አሁን ወደ አቼ እንመለስ፤ የነገሩ ቁስል ያለው እዚያ ነውና። የአሩን ፋብሪካ የተሠራው ሎክሱማዌ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው። በአጥሩ ውስጥ መብራት፣ ንጹሕ ውሃ፣ ሐኪም ቤትና መልካም ቤቶች ነበሩ፤ ከአጥሩ ውጭ የሩዝ ገበሬው እንደ ቀድሞው ይኖር ነበር። ገንዘቡ ወደ ጃካርታ ይሄዳል፤ ተመልሶ የሚመጣው ጥቂት ነበረ። በዲሴምበር 1976፣ ፋብሪካው ሳይጠናቀቅ፣ ሐሰን ዲ ቲሮ የተባሉ የአቼ ተወላጅ የነጻነት ንቅናቄ አቋቋሙ፤ ከክስ ቃላቸውም አንዱ የጋዙ ሀብት ይዘረፋል የሚል ነበረ። ከዚያ በኋላ ወደ ሠላሳ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ጋዙ ብቻውን ጦርነቱን አመጣ ማለት ልክ አይሆንም፤ አቼ ከኔዘርላንድ ገዢዎች ጋር ለረጅም ዘመን የተዋጋ፣ በሃይማኖቱና በታሪኩ የሚኮራ ሕዝብ ነው፤ ቅሬታውም ከጋዙ ይቀድማል። ነገር ግን ቅሬታ ያለበት ሰው ደጃፍ ላይ ሌሊትና ቀን የሚነድ የጋዝ ችቦ ሲተከል፣ እርሱ ግን በኩራዝ ሲያመሽ፣ ቅሬታው በየሌሊቱ ይታወስለታል።

በማርች 2001 ጥቃቱ ስለ በረታ ኤክሶንሞቢል (ሁለቱ ኩባንያዎች በ1999 ተቀላቅለው ነበር) በአሩን ማምረቱን ለወራት አቆመ፤ መንግሥቱም ተጨማሪ ወታደር ላከ። በዚያው ዓመት 11 የአቼ መንደርተኞች ዋሽንግተን ውስጥ በሚገኝ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፤ ፋብሪካውን ይጠብቁ የነበሩት ወታደሮች ግርፋትና ግድያ ፈጽመውብናል፣ ኩባንያውም ሊጠየቅ ይገባዋል ሲሉ ነው። ኩባንያው ክሱን ካደ። ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሲጓተት ኖሮ በ2023 ችሎቱ ሊጀመር ሲቃረብ በስምምነት ተዘጋ። ስምምነቱ ምን እንደ ሆነ ለሕዝብ አልተገለጸም።

ሰላሙን ያመጣው አሳዛኝ ነገር ነው። በዲሴምበር 26 ቀን 2004 የተነሣው የባሕር ማዕበል በኢንዶኔዢያ፣ ይልቁንም በአቼ፣ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወገኖች የፊንላንድ ፕሬዚዳንት በነበሩት በማርቲ አህቲሳሪ ሸምጋይነት በኦገስት 15 ቀን 2005 በሄልሲንኪ ተፈራረሙ። ከስምምነቱ አንቀጾች አንዱ በአቼ ምድር ካለውና ወደ ፊት ከሚገኘው የዘይትና የጋዝ ገቢ 70 በመቶው ለአቼ ይሁን ይላል። እንግዲህ ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጊዜውን ተመልከቱ። ጋዙ በብዛት የወጣው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ነበር፤ ሰባው በመቶ ሲፈቀድ አሩን ወደ ማለቁ ደርሶ ነበር። የመጨረሻው የፈሳሽ ጋዝ መርከብ ከአሩን ተጭኖ የወጣው በኦክቶበር 2014 ነው።

ከዚህም በኋላ የሆነው ነገር ለአስተማሪ ተረት የሚመስል እውነት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ስፍራ ጋዝ መቀበያ ሆነ። በምሥራቁ የአገሪቱ ጫፍ በፓፑዋ ከሚገኘው ከታንጉህ የተጫነ ፈሳሽ ጋዝ እየመጣ በእነዚያው ታንኮች ውስጥ ይራገፋል፤ ተሙቆ እንደገና ጋዝ ሆኖ በቧንቧ እስከ ሜዳን ከተማ አካባቢ ይሄዳል። ለጃፓን ሲያቀዘቅዝ የኖረው ፋብሪካ አሁን ለራሱ ሰፈር የሌላ ጠቅላይ ግዛት ጋዝ ያሞቃል። በዚያው በሎክሱማዌ አጠገብ በአሩን ጋዝ ዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠሩ ሁለት ፋብሪካዎች ነበሩ፤ አንደኛው በ2003 በጋዝ ዕጦት ሥራውን አቆመ፤ ሁለተኛውም ጋዝ ሲያገኝ እየሠራ ሲያጣ እየተዘጋ ኖረ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይህ ነው።

ነገር ግን የማዳበሪያውን ጉዳይ በዚህ ብቻ ባልፈው እውነቱን አጐድላለሁ፤ ከጋዙ ሁሉ ለሕዝቡ በቀጥታ የደረሰው በዚህ በኩል ነውና። ሚቴን የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ሃይድሮጂኑ ከአየር ናይትሮጂን ጋር ተዋሕዶ አሞንያ፣ ኋላም ዩሪያ ይሆናል። በደቡብ ሱማትራ በፓሌምባንግ በ1959 የተቋቋመው ፑስሪ የተባለው ድርጅትና በኋላም በቦንታንግ የተሠራው ትልቅ ፋብሪካ ለሩዝ ገበሬው በርካሽ ማዳበሪያ ሲያቀርቡ፣ አገሪቱ በብዛት ሩዝ ከውጭ ትገዛ የነበረችው በ1984 ራሷን ለመመገብ በቃች፤ ፕሬዚዳንት ሱሐርቶም በሚቀጥለው ዓመት ወደ ዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጉባኤ ተጠርተው ተመሰገኑ። የመስኖው ሥራና አዲሱ የዘር ዓይነትም ድርሻ ነበራቸው፤ ያለ ዩሪያው ግን አይሆንም ነበር። ዩሪያን ከውጭ በዶላር ገዝቶ ለሚያከፋፍል እንደኛ ላለ አገር ይህ ክፍል ከመርከቡ ንግድ ይልቅ ሊነበብ የሚገባው ይመስለኛል።

አሁን በሌላው ጥያቄ ላይ ላምጣ፤ ለውጭ መሸጥ ወይስ በአገር ውስጥ መጠቀም? አንዳንድ ሰዎች የ1973ቱን ውል እንደ ስሕተት ይቈጥሩታል። እኔ አልስማማም። ገዢ ባይኖር ጋዙ አይወጣም ነበር፤ ጃቫም በዚያን ጊዜ ይህን ሁሉ ጋዝ የሚከፍል ኢንዱስትሪ አልነበረውም። የሚያስነቅፈው የመጀመሪያው ውል ሳይሆን ከሃያ ዓመት በኋላ ሲታደስ የተደረገው ነው። የአገሪቱ ዘይት እያለቀ ሄዶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዘይት ገዢ ሆነች፤ ከኦፔክም በ2008 መጨረሻ ወጣች። የመንግሥቱ የኤሌክትሪክ ድርጅት ውድ ናፍጣ እየገዛ መብራት ሲያበራ፣ ጋዙ ግን በረጅም ውል ታስሮ ወደ ውጭ ይጫን ነበር። ለምሳሌ ከምዕራብ ናቱና እስከ ሲንጋፖር በባሕር ሥር የተዘረጋው ቧንቧ በ2001 ሥራ ጀመረ፤ ከደቡብ ሱማትራም ሌላ ቧንቧ በ2003 ሲንጋፖር ደረሰ። ከዚያው ከደቡብ ሱማትራ ወደ ምዕራብ ጃቫ ፋብሪካዎች የሚሄደው ቧንቧ ግን ጋዝ ያስተላለፈው በ2007 ነው። ከቦንታንግ የተጫነ ፈሳሽ ጋዝ በጃካርታ ባሕረ ሰላጤ የተራገፈው ደግሞ በ2012 ነው፤ ለሴንቦኩ ከተራገፈ 35 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሲንጋፖር ፈጥኖና በዶላር ስለሚከፍል ቀደመ፤ የአገሩ ገዢ በመንግሥት የተወሰነ ርካሽ ዋጋ ስለሚከፍል ኋላ ቀረ። ከ2010ዎቹ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጦ ከሚመረተው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአገር ውስጥ ይውላል። ምርቱም በ2010 አካባቢ ከነበረበት ወርዶ በዓመት ወደ 60 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ሆኗል።

የዋጋ ውል እንዴት ያለ ጥፍር እንዳለው ለማየት ታንጉህን ማንሣት ይበቃል። በፓፑዋ በቢንቱኒ ባሕረ ሰላጤ የተገኘውን ይህን ጋዝ ያለማው ብሪትሽ ፔትሮሊየም ሲሆን መሸጥ የጀመረው በ2009 ነው። ውሉ ግን የተደረገው በ2002 ነበር፤ ያን ጊዜ የዘይት ዋጋ ዝቅ ብሎ፣ ሻጭ በዝቶ፣ ገዢ አንሶ ነበር። ለቻይና ፉጂያን ጠቅላይ ግዛት በዓመት 2.6 ሚሊዮን ቶን ለ25 ዓመት ለመስጠት ተስማሙ፤ የጋዙ ዋጋ ከዘይት ዋጋ ጋር እንዲሄድ ሆኖ ዘይት ከ25 ዶላር በላይ ቢወጣም ጋዙ አብሮ እንዳይወጣ ጣራ ተደረገበት። ዘይት ከ100 ዶላር አለፈ። በ2006 ጣራው ጥቂት ከፍ ቢደረግም ጃፓኖች ለአንድ ሚሊዮን ቢ.ቲ.ዩ. (የሙቀት መለኪያ ነው) 16 ዶላር ያህል በሚከፍሉበት ጊዜ ፉጂያን 3 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ትከፍል ነበር። በ2014 እንደገና ተደራድረው ወደ 8 ዶላር ወጣ። በድርድሩ የቻሉትን አደረጉ ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ በዋጋ ላይ ጣራ ያስቀመጠ ሰው ወለሉን ደግሞ አስቦ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ያልወጣውም ጋዝ የራሱ ነገር አለው። በደቡብ ቻይና ባሕር በናቱና ደሴቶች አጠገብ በ1973 የተገኘው ክምችት በእስያ ካሉት ታላላቆች አንዱ ነው፤ ነገር ግን 70 በመቶ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ያንን ሁሉ ለይቶ እንደገና ከመሬት በታች መቅበር ከሚገኘው ጋዝ ዋጋ በላይ ስለሚያስወጣ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጧል። የቻይና መንግሥት በካርታው ላይ የሚያሰምረው መስመርም በዚያ ባሕር ላይ ይነካካል፤ ኢንዶኔዢያ በ2017 የባሕሩን ክፍል «ሰሜን ናቱና ባሕር» ብላ ሰየመችው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ሌላው በምሥራቅ በኩል የሚገኘው ማሴላ ነው፤ አባዲ የተባለውን ጋዝ ኢንፔክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2000 አገኘው። ኩባንያው ፋብሪካውን በመርከብ ላይ በባሕር መካከል ላቁም አለ፤ የአካባቢው ሕዝብ በየብስ ይሁንልን አለ፤ በ2016 ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ በየብስ እንዲሆን ወሰኑ። ለደሴቱ ሰዎች ሥራና መንገድ ይመጣል ተብሎ ነው፤ ወጪውና ጊዜው ግን ጨመረ፤ ሼል የተባለው ሸሪክ ድርሻውን በ2023 ለፔርታሚናና ለማሌዢያው ፔትሮናስ ሸጦ ወጣ። (ይኸው ፔትሮናስ በ2000ዎቹ ዓመታት በእኛው በኦጋዴን ሥራ ይዞ ነበር።) በዚህ ክርክር ማን ልክ እንደ ነበረ ለመፍረድ እቸገራለሁ። የአቼን አጥር ያየ ሕዝብ ፋብሪካው በዓይኑ ፊት ይሁን ቢል አይፈረድበትም።

የመጨረሻው ነገር የወጥ ቤቱ ጉዳይ ነው፤ ቃሉን አስቀድሜ መለየቴም ለዚህ ነበር። የኢንዶኔዢያ ቤተሰብ እንደኛ በላምባ ያበስል ነበር፤ መንግሥቱም የላምባውን ዋጋ ይደግፍ ነበር። ድጎማው ስለ ከበደ በ2007 ሕዝቡን ወደ ቡታ ጋዝ ለማዛወር ተወሰነ፤ ከ50 ሚሊዮን ለሚበልጥ ቤተሰብ 3 ኪሎ የምትይዝ ትንሽ አረንጓዴ ሲሊንደርና አንድ ምድጃ በነጻ ታደለ። ሲሊንደሯ ክብ ስለ ሆነች ሕዝቡ «ሐብሐብ» እንደ ማለት ባለ ስም ይጠራታል። በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ መፈጸም በእውነቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ምንም እንኳ በ2010 በጎማውና በመክፈቻው ጉድለት ብዙ ሲሊንደሮች እየፈነዱ ሰው ቢጐዱም።

ነገር ግን የኢንዶኔዢያ ጋዝ ደረቅ ነው፤ ሚቴኑ ብዙ፣ ፕሮፔንና ቡቴኑ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዓለም አንደኛ ጋዝ ሻጭ የነበረው አገር ለወጥ ቤቱ የሚያስፈልገውን ቡታ ጋዝ አብዛኛውን ከውጭ ይገዛል፤ ከአራቱ እጅ ሦስቱ ያህል በመርከብ የሚመጣ ነው። የላምባው ድጎማ ወደ ቡታ ጋዝ ድጎማ ተዛወረ እንጂ አልቀረም። በፌብሩዋሪ 2025 መንግሥቱ ድጎማው ለሀብታም እየደረሰ ነው ብሎ ትንንሽ ቸርቻሪዎች ሲሊንደሯን እንዳይሸጡ ከለከለ፤ በየከተማው ሴቶችና ሽማግሌዎች ባዶ ሲሊንደር ይዘው በፀሐይ ተሰለፉ፤ ጥቂት ቀን ሳይቈይ ፕሬዚዳንት ፕራቦዎ ክልከላውን አነሡት። ሚቴኑን ራሱን በቧንቧ ወደየቤቱ ለማስገባት የተጀመረው ሥራ አለ፤ ይሁን እንጂ እስከ 2020ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቧንቧው የገባለት ቤት በመላው አገሪቱ አንድ ሚሊዮን አልሞላም ነበር።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ
አዲስ አበባ